«ይቀየር» ከማለታችን በፊት ይለካ

(በማህበራችን ጠቅላላ ጉባኤ ላይ ከሂሳብ ክፍል የቀረበ ንግግር)



ሁልጊዜ በዚህ ሰዓት ከእኔ የምትጠብቁት የቁጠባና የብድር ቁጥር ነው። ቁጥሩ በእጃችሁ ባለው ወረቀት ላይ አለ፤ ጥያቄ ያላችሁ ከምሳ በኋላ በዝርዝር እንነጋገራለን። የተሰጡኝን ደቂቃዎች ግን ኮሚቴውን አስፈቅጄ ለሌላ ጉዳይ ላውላቸው ነው። ጉዳዩ የቢሮአችን ላፕቶፕ ነው። «የሂሳብ ሠራተኛ ስለ ማሽን ምን አገባት?» የምትሉ ትኖራላችሁ። ያገባኛል፤ ምክንያቱም ነገሩ በመጨረሻ የብድር ወረፋ ጉዳይ ሆኖ ነው የመጣው።

እንደምታስታውሱት ላፕቶፑ አንድ ቀን ጠዋት አልነሳም አለ። መብራት የለ፣ ድምፅ የለ፣ ቻርጀሩ ተሰክቶም ምንም። ደረሰኞቻችሁና የቁጠባ ደብተሮቻችሁ በወረቀት፣ የወሩ መዝገብ ቅጂ ደግሞ በፍላሽ ስለነበሩ የማንም ገንዘብ አልጠፋም። የጨነቀን የመሣሪያው ወጪ ነው። መጀመሪያ የወሰድንበት ሱቅ ከፍቶ አየና «ማዘርቦርዱ ሞቷል፤ ይቀየር፤ ካልሆነ አዲስ ግዙ» አለን። በፕሮጀክቱ በጀት ለዚህ የተያዘ ገንዘብ አልነበረም። የቀረው አንድ ቦታ ነው፤ ተዘዋዋሪው የብድር ገንዘብ። ከዚያ ከተነሳ ደግሞ ወረፋቸው የደረሰ ሦስት እህቶቻችን ወደ ሚቀጥለው ዙር ሊተላለፉ ነው። አንዷ የእንጀራ ምጣድ ልትገዛ፣ አንዷ ጫጩት ልታስገባ፣ አንዷ የልብስ ስፌት መኪናዋን ልታስጠግን የተዘጋጁ ነበሩ።

ስለዚህ ኮሚቴው ውሳኔ ከመስጠቱ በፊት ላፕቶፑ አንድ ጊዜ ሌላ ሰው እንዲያየው ጠየቅሁ። ያየችው በቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ የተማረች፣ በትንሽ ክፍል ውስጥ ብቻዋን የምትሠራ ወጣት ናት። ስሟን እንዳልጠራ ለምናኛለች። አጠገቧ ተቀምጬ እንድመለከት ፈቀደችልኝ። ያየሁትን ልንገራችሁ፤ ከአሠራሯ ሁላችንም የምንወስደው ነገር አለና።

ኮንታክት ማለት ምን ማለት ነው?

ላፕቶፓችንን የገደለው ሰፈር ውስጥ «ኮንታክት» የምንለው፣ ባለሙያዎቹ «ሾርት» የሚሉት ነው። የቦኖ ውኃን አስቡ። ጀሪካን ይዘን ተሰልፈናል፣ ቦኖው ግን ጠብ አይልም። ውኃ ስለሌለ አይደለም፤ ከላይ መንገድ ላይ ቧንቧው ተቀዶ ውኃው ሁሉ ወደ ቦይ እየፈሰሰ ነው። ኮረንቲም እንደዚሁ ነው። ከቻርጀሩ ይወጣል፣ በማሽኑ ውስጥ ሥራውን ይሠራል፣ በመመለሻው መስመር ይመለሳል። መንገድ ላይ ቀዳዳ ካገኘ ግን ሥራውን ሳይሠራ በአቋራጭ ወደ መመለሻው ይገባል። ይህ ነው ሾርት።

ታዲያ አንድ ቦታ ላይ የተቀደደ ቧንቧ ሲገኝ የመንደሩን ቧንቧ በሙሉ ነቅለን አንጥልም። ቀዳዳውን እንፈልጋለን። ችግሩ ማዘርቦርድ ላይ ቦዩ አይታይም። በመቶዎች የሚቆጠሩ ጥቃቅን ዕቃዎች ተደርድረውበታል፤ የተበላሸው በዓይን ሲታይ ከደህናው አይለይም። ስለዚህ በዓይን ሳይሆን በመለኪያ ነው የሚፈለገው።

ልጅቷ ምን አደረገች?

መጀመሪያ ላፕቶፑን አልነካችም፤ ቻርጀሩን ለካች። በቴስተር ስታየው 19.5 ቮልት ይሰጣል፤ ደህና ነው። «ከሁሉ በፊት ርካሹን ነገር ከጥርጣሬ አስወጣለሁ» አለችኝ። ስንት ላፕቶፕ በቻርጀር ምክንያት «ሞተ» ተብሎ ይሆን!

ቀጥሎ ላፕቶፑን ፈታች። ባትሪውን ነቀለች። መረጃችን ያለበትን ዲስክም አውጥታ በፖስታ አድርጋ በእጄ ሰጠችኝ። «መዝገባችሁ አንቺ ዘንድ ይሁን እህቴ፤ እኔ የምሠራው ቦርዱን ነው» አለች። እኔ ሳልጠይቃት ነው ይህን ያደረገችው።

ከዚያ ኮረንቲው እስከ የት እንደሚደርስ ተከታተለች። ቻርጀሩ ከሚሰካበት አፍ ጀምሮ መንገዱ ላይ እንደ በር የሚያገለግሉ ሁለት ዕቃዎች አሉ፤ ሞስፌት ይባላሉ። 19.5 ቮልቱ እስከ መጀመሪያው በር ይደርሳል፤ ከሁለተኛው በር ወዲያ ግን የለም። በሩን የሚጠብቀው መቆጣጠሪያ ወደ ውስጥ አላሳልፍም ብሏል። ዘበኛ ያለ ምክንያት በር አይዘጋም።

ቻርጀሩን ነቅላ ከበሩ ወዲያ ያለውን ዋናውን መስመር ለካች። አሁን የለካችው ቮልት አይደለም፤ በመስመሩና በመመለሻው መካከል ኮረንቲን የሚከለክለው ነገር ምን ያህል እንደሆነ ነው። ይህ በኦም ይለካል። በደህና ላፕቶፕ ይህ መስመር በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ኦም ወይም ከዚያ በላይ ያሳያል። የእኛ ያሳየው 0.4 ነው። የቴስተሩን ሁለት ገመዶች እርስ በርስ አነካክታ ደግሞ 0.2 አሳየችኝ፤ ይህ የገመዶቹ የራሳቸው ድርሻ ነው። ስለዚህ በመስመሩና በመመለሻው መካከል የቀረው 0.2 ኦም ብቻ ነው። ይህ ማለት ግድግዳ የለም ማለት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ ሰጠችኝ። ትንሽ ቁጥር ሁሉ ሾርት አይደለም። ዋናውን ሥራ የሚሠራው ፕሮሰሰር የሚመገብበት መስመር ደህና ሆኖም ጥቂት ኦም፣ አንዳንዴም ከ1 በታች ሊያሳይ ይችላል፤ ተፈጥሮው ነው። ይህን ያላወቀ ሰው ደህናውን ፕሮሰሰር «ተቃጥሏል» ሊለው ይችላል። የእያንዳንዱ መስመር ጤና የሚመዘነው በራሱ ልክ ነው።

አሁን ሾርቱ ዋናው መስመር ላይ እንዳለ ታወቀ። ግን የትኛው ዕቃ ነው? እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው ተስፋ የሚቆርጠው። በዚያ መስመር ላይ ካፓሲተር የሚባሉ ጥቃቅን ዕቃዎች በብዛት አሉ። ካፓሲተር እንደ ትንሽ ገንቦ ነው፤ ኮረንቲ አጠራቅሞ መስመሩ ሲጎድልበት ይሞላል። ሁሉም አንድ እግራቸው ዋናው መስመር ላይ፣ ሌላው እግራቸው መመለሻው ላይ ነው። ስለዚህ አንዱ ከተበላሸ ቴስተሩ ሁሉም ላይ ያንኑ 0.4 ያሳያል። ጥፋተኛው አንድ፣ ተጠርጣሪው ሁሉም።

አንድ በአንድ እየነቀሉ መሞከር ይቻላል፤ ግን ቀኑን ሙሉ ይፈጃል፣ ቦርዱንም ይጎዳል። እሷ ያደረገችው ሌላ ነው። በመጀመሪያ ከዋናው መስመር ወደ ፕሮሰሰሩ የሚያሳልፉትን ሞስፌቶች ለክታ ያልተበሱ መሆናቸውን አረጋገጠች። እነሱ ተበስተው ቢሆን ኖሮ ቀጥሎ የምትሰጠው ኮረንቲ ወደ ፕሮሰሰሩ በገባ ነበር። ከዚያ ቮልቱና አምፒሩ የሚመጠን የኃይል ማቅረቢያ መሣሪያ አመጣች። ቮልቱን 1 ላይ፣ ኮረንቲውን ከ3 አምፒር እንዳያልፍ አድርጋ ከዋናው መስመር ጋር አገናኘችው። መስመሩ በጤናው ጊዜ 19 ቮልት የሚሸከም ነው፤ 1 ቮልት ደህናውን ዕቃ ምንም አያደርገውም። «ከመስመሩ አቅም በላይ ፈጽሞ አይሰጥም» አለችኝ።

ነገሩ ቀላል ሂሳብ ነው። ደህና ካፓሲተር እንዲህ ያለ ኮረንቲ አያሳልፍም፤ ስለዚህ አይሞቅም። የተበላሸው ግን 3 አምፒሩን በሙሉ ይጠጣል። 3 አምፒር በ3 አምፒር፣ በ0.2 ኦም ሲባዛ 1.8 ዋት ይመጣል። ለእኛ ምጣድ 1.8 ዋት ምንም አይደለም፤ ከሰሊጥ ፍሬ ለምታንስ ዕቃ ግን እሳት ነው።

በቦርዱ ላይ ቶሎ የሚተን ንጹሕ አልኮል በብሩሽ ቀባች። ኃይሉን አበራች። ሁለታችንም አቀርቅረን አየን። አልኮሉ በሁሉም ቦታ እርጥብ ሆኖ ሳለ፣ በአንዲት ካፓሲተር ጀርባ ላይ ብቻ ወዲያው ደረቀ። አጠፋችው፤ እንደገና ቀባች፤ እንደገና አበራች። ያቺው ናት። ገንዘብ ያላቸው ሱቆች ይህንኑ በሙቀት ካሜራ ያዩታል፤ አልኮሉም ሥራውን ይሠራል።

በሞቃት አየር አነሳቻትና እንደገና ለካች። 0.4 የነበረው ቁጥር ከፍ ማለት ጀመረ፤ መቶ፣ ሺህ፣ አሥር ሺህ እያለ ወጣ። ቀስ እያለ የሚወጣው ሌሎቹ ገንቦዎች ከቴስተሩ ባትሪ እየሞሉ ስለሆነ ነው። ሾርቱ ሄደ። በቦታዋ ከሌላ፣ ዓይነቱ ተመሳሳይ ከሆነ የተጣለ ቦርድ ላይ፣ ከዚያው ቦታ የተነሳች ካፓሲተር በየደችበት። እነዚህ ዕቃዎች ላይ መጠናቸው ስለማይጻፍ፣ ከተመሳሳይ ቦርድ ወይም ከቦርዱ ንድፍ ካልሆነ በግምት አይመረጡም። በመጨረሻ መጠኑ በተገደበ ኮረንቲ ሞከረችው፤ ቁልፉን ስትጫን የአምፒሩ ቁጥር ከፍ አለ፤ ላፕቶፑ ተነሳ።

የተበላሸችውን ካፓሲተር በፕላስቲክ አድርጌ ይዣታለሁ፤ በዕረፍት ሰዓት ልታይዋት ትችላላችሁ። ውስጧ እንደ ተደራረበ እንጀራ ነው፤ ስስ የሴራሚክና የብረት ንጣፎች አንዱ በሌላው ላይ ተነጥፈዋል። ቦርዱ ሲጣመም ወይም ማሽኑ ሲወድቅ ሴራሚኩ ይሰነጠቃል፤ እርጥበትም ይገባበታል። ያኔ መነካካት የሌለባቸው ብረቶች ይገናኛሉ። ላፕቶፕን በአንድ ጥግ ይዞ ማንሳት ጥሩ አይደለም የሚባለው ለዚህ ነው።

የጥገናው ዋጋ ከካዝናችን የዕለት ወጪ ተከፈለ፤ ደረሰኙ ፋይል ውስጥ አለ። ተዘዋዋሪው ገንዘብ አልተነካም። ሦስቱም እህቶች በወረፋቸው ተበደሩ።

ከሂሳብ ሥራ ጋር ምን ያገናኘዋል?

የልጅቷን አሠራር ሳይ የገረመኝ፣ የሂሳብ ሠራተኛ ሚዛን አልመጣ ሲላት የምታደርገው መሆኑ ነው። ደቢትና ክሬዲት እኩል ሳይሆኑ ሲቀሩ ልዩነቱ የመጨረሻው ድምር ላይ ይታያል፤ የተፈጠረው ግን አንድ መስመር ላይ ነው። ሁሉንም መዝገብ ቀዶ እንደገና መጻፍ «ማዘርቦርዱ ይቀየር» እንደማለት ነው። ይልቅ መጀመሪያ ልዩነቱ ራሱ ምን እንደሚል ይታያል። ልዩነቱ ለ9 ያለ ቀሪ ከተካፈለ፣ ሁለት አሃዞች ቦታ ተለዋውጠው ሊሆን ይችላል። 5,400 ብር 4,500 ተብሎ ቢጻፍ ልዩነቱ 900 ነው፤ 900 ለ9 ሲካፈል 100። ይህ እንደ 0.4 ኦሙ ነው፤ ጥፋቱ የት እንደሆነ ባይነግረንም ምን ዓይነት እንደሆነ ይጠቁመናል።

ሁለተኛው መንገድ ማካፈል ነው። 16 ገጽ ካለ 8ኛው ገጽ ላይ ቆሞ እስከዚያ ሚዛኑ መምጣቱን ማየት። ከመጣ ስህተቱ ከሁለተኛው ግማሽ ነው። ከዚያ 4፣ ከዚያ 2፣ ከዚያ 1። በአራት ምርመራ አንድ ገጽ ላይ ይደረሳል። የጥገና ባለሙያዎችም ሾርቱ በሙቀት አልገኝ ሲላቸው መስመሩን መሃል ላይ ለይተው የትኛው ግማሽ ደህና እንደሆነ ይለካሉ።

በየቤታችን

ይህ ዘዴ በየቤታችሁም ይሠራል። ብዙዎቻችሁ በኤሌክትሪክ ምጣድ ትሠራላችሁ። ብሬከሩ ሲወድቅ ደጋግሞ ማንሳት አደጋ አለው፤ ብሬከሩ የወደቀው ቤቱን ሊያድን ነው። የሚደረገው ይህ ነው። የተሰኩትን ሁሉ ንቀሉ። ብሬከሩን አንድ ጊዜ አንሱ። ምንም ሳይሰካ ከወደቀ ጥፋቱ መስመሩ ወይም ብሬከሩ ጋ ነው፤ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ጥሩ፣ ራሳችሁ አትንኩ። ከቆመ ዕቃዎቹን አንድ በአንድ ሰኩ። አንዱ ሲሰካ ከወደቀ ያንን ዕቃ ለዩትና ለባለሙያ አሳዩት። ሁሉም ለየብቻ ሲሰኩ ደህና ሆነው አንድ ላይ ሲሆኑ ብቻ የሚወድቅ ከሆነ ደግሞ ኮንታክት ላይሆን ይችላል፤ ጭነት በዝቷል።

አደራ የምለው ግን አለ። ልጅቷ የሠራችው በ1 ቮልት ነው። የግድግዳው ኮረንቲ 220 ቮልት ነው፤ ይገድላል። የቻርጀር ሆድ እንዳትከፍቱ፤ የላፕቶፕና የስልክ ባትሪም እንዳትወጉ፣ ሊቀጣጠል ይችላል።

ጥገና ቤት ስትሄዱ

ስልክም ሆነ ላፕቶፕ ይዛችሁ ስትሄዱ እነዚህን ጥያቄዎች ጠይቁ።

አንደኛ፣ «የተበላሸው የትኛው መስመር ነው? ስንት አነበበ?» በሉ። የለካ ሰው ቁጥር ይነግራችኋል። ያልለካ ሰው «ሞቷል» ይላችኋል።

ሁለተኛ፣ የምርመራውን ዋጋና የጥገናውን ዋጋ ለይቶ እንዲነግራችሁ አድርጉ።

ሦስተኛ፣ መረጃ ያለበት ዲስክ የሚነቀል ከሆነ ተነቅሎ ይሰጣችሁ። አንዳንድ ላፕቶፕ ላይ ዲስኩ ከቦርዱ ጋር የተበየደ ነው፤ ያን ጊዜ ቦርዱ ከተቀየረ መረጃው አብሮ ይሄዳል። መረጃው የተቆለፈ ከሆነም የመክፈቻ ቁልፉ በወረቀት ተጽፎ ሌላ ቦታ ሊቀመጥ ይገባል።

አራተኛ፣ የተነሳው አሮጌ ዕቃ ይመለስላችሁ።

እውነቱን ለመናገር ሁሉም ቦርድ አይድንም። በሩ ተበስቶ 19 ቮልቱ ፕሮሰሰሩ ውስጥ ከገባ፣ ወይም ውኃ ገብቶ ብዙ ቦታ ከበላው፣ «አዲስ ግዙ» ትክክለኛው ምክር ይሆናል። ግን ይህም ከተለካ በኋላ የሚባል ነገር ነው።

ለጉባኤው የማቀርባቸው ሐሳቦች

አንደኛ፣ ከእንግዲህ በማህበሩ ንብረት መዝገብ ላይ ያለ ማንኛውም መሣሪያ፣ ምን እንደተበላሸና ምን እንደተለካ የሚገልጽ የጽሑፍ ምርመራ ሳይቀርብ «ይወገድ» ተብሎ እንዳይወሰን።

ሁለተኛ፣ ለቢሮው አንድ ቴስተር ይገዛ። ቻርጀርና ባትሪ ለማየት የሚያስችለውን ያህል አጠቃቀሙን እኔ ለሚተኩኝም አሳያለሁ።

ሦስተኛ፣ ለአጋሮቻችን። በፕሮጀክት በጀታችን ውስጥ «የመሣሪያ ግዢ» የሚል መስመር አለ፤ «ጥገና» የሚል የለም። በዚህ ምክንያት የሚጠገን ዕቃ እያለን አዲስ እንድንጠይቅ እንገደዳለን። ትንሽ የጥገና መስመር ብትፈቅዱልን የሰጣችሁን መሣሪያ ዕድሜው ይረዝማል።

አራተኛውና ከልቤ የምለው፣ ከልጆቻችሁ መካከል 12ኛ ክፍል ጨርሰው ቤት የተቀመጡ አሉ። ሁለቱን ወደ ኤሌክትሮኒክስ ጥገና ሥልጠና እንላክ። ሥልጠናውን ሲጨርሱ ለመሣሪያ መግዣ ከተዘዋዋሪው ገንዘብ እንደማንኛዋም አባል ይበደሩ። ሥራው የሚፈልገው ጉልበት አይደለም፤ ትዕግሥት፣ የተረጋጋ እጅና ቁጥርን ማክበር ነው። እነዚህን ደግሞ ሽሮ ስታቀምሙ፣ ጥልፍ ስትጠልፉ፣ የዕቁብ ገንዘብ ስትቆጥሩ ልጆቻችሁ ከእናንተ አይተዋል።

ወረፋቸው የደረሰው ሦስት እህቶቻችን አሁን ሥራቸው ላይ ናቸው፤ የመጀመሪያውን ክፍያም ከፍለዋል። እኔም ዛሬ በእጃችሁ ያለውን ሪፖርት የሠራሁት በዚያው ላፕቶፕ ነው። ሐሳቦቹ ላይ እንድትነጋገሩና ድምፅ እንድትሰጡባቸው በአክብሮት እጠይቃለሁ።